ከካሜራው ፊት ለፊት የተሰቀለው መብራት

ጥቅምት 8

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለሽቦና ለመብራት ሊቋ፦

አስቀድሜ ስለ ጤናዬ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከአንገቴ በታች ደህና ነኝ። ከአንገቴ በላይ ግን ጆሮዎቼ ተራ በተራ ጡረታ ወጥተዋል። ስልክሽን የማላነሳው ኮርቼብሽ አይደለም፤ ሲጮህ አልሰማውም። ባነሳውም ደጋግሜ "ሃሎ" ከማለት በቀር ለወሬው የማዋጣው ስለሌለኝ መሳቢያ ውስጥ አስተኝቼዋለሁ። ደብዳቤ ይሻለናል። ደብዳቤን እንደገና በል ብዬ አልለምነውም፤ እንደገና አነበዋለሁ እንጂ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከቤቴ በር በላይ ያለው አምፖል እየተፈታ ነው። ተሰረቀ አላልኩም፤ ተፈታ ነው ያልኩት። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ግቢዬ ይገባል፣ አምፖሉን ይፈታል፣ በጋዜጣ ይጠቀልላል፣ ከግቢው በር ምሰሶ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል። ዓርብ ጠዋት አወጣዋለሁ፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ትናንት ሦስተኛው ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሌባ ሰምቼም አላውቅ። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሰው በስተርጅና እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ሊመጣብኝ አይገባም ነበር።

ጎረቤቴ ጡረተኛው ዳኛ ካሜራ እንድሰቅል ፈረደብኝ። ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፦

"አባባ፣ ምን ዓይነት ይሁንልዎ?"

"ሰው የሚያሳይ።"

"በቀለም ነው ወይስ በጥቁርና ነጭ?"

"ሌባውን ጠይቄ እመለሳለሁ" ብዬው ወጣሁ።

እባክሽ ምከሪኝ። ያለኝ አንድ የደጅ መብራት ነው፤ እሱም እንደነገርኩሽ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ይፈታል። ከዚህ መብራት ጋር የሚስማማ ካሜራ የትኛው ነው?

ሰሚ ያጣው ወንድምሽ

*

ጥቅምት 17

ወንድም ጋሼ፣

ስልክህ ያለበትን መሳቢያ በሕልሜ ሳይቀር ሰብሬዋለሁ። ደብዳቤ ይሁን ካልክ ይሁን፤ ግን ፖስታው እዚህ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን እንደሚፈጅ እወቀው። በዘጠኝ ቀን አንድ ሕንፃ ሽቦ ዘርግቼ እጨርሳለሁ።

ካሜራና መብራት ለየብቻ አይገዙም። ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው ያለ መብራት በጨለማ የሚያየው ነው፤ ሁሉንም ነገር ግራጫ ስለሚያደርገው የሰው ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ሁለተኛው በቀለም የሚያሳየው ነው፤ እሱ ሳይጠፋ የሚያድር ለስላሳ መብራት አጠገቡ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሰው ሲንቀሳቀስ ቦግ ከሚል ፓውዛ ጋር የሚሠራ ነው። ይኼኛው የሚሸጠው ለማየት አይደለም፤ ለማስደንገጥ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣኝ። ሰውዬው እስካሁን ምን ወሰደ? ምንም። ታዲያ የምትፈልገው ሰውን ለማባረር ነው ወይስ ሰውን ለማየት? መልስህ ዕቃውን ይለውጠዋል። የመብራት ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ግማሾቹ መልሱን ሳያውቁት ዕቃ ገዝተው ይሄዳሉ።

እህትህ

*

ጥቅምት 29

እህት ዓለሜ፣

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰው የሚያርም ሰው ሲታረም ደስ አይለውም።

ለማየት ነው።

አምፖል በጋዜጣ ጠቅልሎ ማስቀመጥ የማን ጠባይ እንደነበር ታውቂያለሽ። ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ የተቃጠለ አምፖል እንኳ ሳትጠቀልል አትጥልም ነበር፤ "የሰው እግር አለ" ትላለች። ይህን ያስተማረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የሚመጣው ልጄ ነው ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ ነው ያልኩት፤ ማረጋገጫ የሌለው ነገር እንዳላትም አርባ ዓመት ደመወዝ ተከፍሎኛል።

ከተጣላን ወዲህ ልጄ ጽፎልኝ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ጋር በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ጠይቀሽኛል። አንድ ጊዜ ጽፎልኛል። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ትምህርቱን ትቶ የጭነት መኪና መሪ ሲጨብጥ ደጅ ላይ ተጣላን፤ ይህን ታውቂያለሽ። በስድስተኛው ወር ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጣልኝ። የይቅርታ ደብዳቤ ነበር። ከማተሚያ ቤት ገና መመለሴ ነበርና ቀዩ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማንበብ ስጀምር እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። አረምኩት፣ እህቴ። ከላይ እስከ ታች አረምኩት። ከግርጌው "ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አቀራረቡ ቢሻሻል" ብዬ ጽፌ መለስኩለት። በዚያን ጊዜ እንደ ምሕረት ነበር የቆጠርኩት። ሐሳቡ ጥሩ ነው ብያለሁ እኮ! ለማንም ደራሲ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

የተሻሻለውን እስከ ዛሬ እየጠበቅኩ ነው።

በዚያው ወረቀት በር ከፍተህ ለምን አትጠብቀውም ላልሽው፦ አምፖል የሚፈታ ሰው መታየት አይፈልግም። ብወጣ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ሐሙስ የሚባል ቀን አይኖረኝም። እኔ የምፈልገው ፊቱን ማየት ብቻ ነው፤ ከስቶ እንደሆነ፣ ጺም አሳድጎ እንደሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወደፊት እናርመዋለን። አንቺስ አይተሽው ታውቂያለሽ?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 9

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ፣ መሰላል ላይ ሆኜ አነበብኩት። ወርጄ ተቀመጥኩ። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ "ኤሌክትሪክ ያዘሽ እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት።

ስለዚያ ቀይ እስክሪብቶ የምልህ ብዙ ነበር፤ ግን አንተው ከእኔ በላይ ብለኸዋል።

አንቺስ አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ ላልከኝ ዛሬ መልስ የለኝም። አላውቅም ማለቴ አይደለም፤ ቃል የገባሁለት ሰው አለ። ቃሌን እንዳልበላ ይህን መስመር ዝለለው።

ዕቃውን በሚመለከት ግን ሙሉ ቃሌን ልስጥህ። በቀለም የሚያሳየውን ካሜራ ግዛ። ፓውዛ አትግዛ። ደከም ያለ፣ ቢጫማ፣ ሲመሽ በራሱ የሚበራና ቦግ ብልጭ የማይል መብራት ይሁን። አቀማመጡን በስዕል አድርጌልሃለሁ፤ ካሜራውም መብራቱም በአንድ ግድግዳ ላይ፣ ከቤቱ በር በላይ፣ ሁለቱም ወደ ግቢው በር እያዩ። ልክ እንደ ስዕሉ። ምክንያቱን ስንገናኝ አስረዳሃለሁ።

ደግሞ አትቸኩል። በዚህ አንድ ወር ውስጥ የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ካሜራ የማያስፈልገው ነገር። ከዚህ በላይ አታናግረኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 20

ለእህቴ፣ ለዋና መሐንዲሷ፦

ብሥራት! ትናንት ተገጠመ!

የገጠመልኝን ሰው "ችግር የለም" ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ግድግዳ ሲሰነጥቅም "ችግር የለም" ነው። ፓውዛውን ወስጃለሁ፤ አትቆጪ። ችግር የለም "በደከመ መብራት ፊቱ በቀለም አይለይም" አለኝ፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ፊት ነው። ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ እሱን የሚፈታ ቢመጣ ከነመሰላሉ ነው የሚመጣው።

በስዕልሽ ላይ ግን አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። ካሜራውንና መብራቱን አንድ ግድግዳ ላይ ደርበሽ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረሻቸዋል። ቸኩለሽ ይሆናል፤ ፍላጻው ተገልብጦብሻል። መብራቱ ከግቢው በር ምሰሶ ላይ ሆኖ ወደ ቤቱ ሲያበራ፣ ካሜራው ከቤቱ በር በላይ ሆኖ ሲያይ፣ የሚመጣው ሰው መሐል ላይ እንደ ክቡር እንግዳ ይቆማል። ስዕሉ ላይ አስተካክዬልሻለሁ። ችግር የለም አንድ ጊዜ "አባባ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ..." ብሎ ጀምሮ ነበር፤ "በወረቀቱ ላይ ያለውን ሥራ" አልኩት። "ችግር የለም" አለ።

ዋናውን አልነገርኩሽም። ዕቃው ይናገራል! ፎቶ የሰጠሁትን ሰው ዝም ብሎ ያሳልፋል። የማያውቀው ሰው ሲገባ ግን በባለቤቱ ድምፅ ያስጠነቅቃል። ያንቺን ፎቶ ሰጠሁት። የእሱንም ሰጠሁት፤ ትምህርት ቤት ሲጨርስ የተነሳውን፣ ሌላ የለኝም። ስለዚህ ልጄ ሲመጣ ዕቃው አፉን ይዘጋል፤ ሌላው ሁሉ ይሰማታል።

"ምን ልበል?" ስል ችግር የለምን ጠየቅኩት።

"ከልብ የወጣ ይበሉ አባባ፤ የሰማው ሰው ሁለተኛ የማይመጣበት።"

ብዙም አላሰብኩ፤ ከአፌ ወጣ፦ "ማን እንደሆንክ አውቀናል። ይህ ደጅ ያንተ አይደለም። በመጣህበት ተመለስ።"

ችግር የለም ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰና ሰማው። "ኧረ አባባ፣ እኔም ልሂድ እንዴ?" አለኝ። ከአንድ ሙያተኛ ይህን ያህል አድናቆት አግኝቼ አላውቅም።

ኩሩው ወንድምሽ

*

ኅዳር 29

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን ተወው። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ድምፁን አጥፋው። ችግር የለምን አስጠራውና አሁኑኑ ያጥፋው።

ከዚያ መብራቱን አዙረው። ፍላጻው አልተገለበጠም። መብራትና ካሜራ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ነገር ያያሉ፤ ፊት ለፊት ሲፋጠጡ መብራቱ ካሜራውን ያሳውረዋል። መሐል የሚቆመው ሰው መብራቱ ከጀርባው ስለሚሆን ፊቱ ጥቁር ይሆናል። ዕቃው ፎቶውን ከምኑ ጋር ሊያስተያየው ነው? ማንም ይሁን ማን እንግዳ ነው።

ልነግረው የሚገባኝ ሌላ ሰውም ነበር፤ ደጋግሜ ደወልኩ፤ መንገድ ላይ ስለሆነ አይገኝም። አንተም መሳቢያ ውስጥ ነህ። ምን ላድርጋችሁ?

እህትህ

*

ታኅሣሥ 3

እህቴ፣ እህቴ፣ እህቴ!

መጣ! ትናንት አመሻሽ ላይ መጣ! እኔ ውስጥ ሆኜ ሳነብ ነበር፤ ምንም አላወቅኩም። ዛሬ ጠዋት መቅጃውን ስከፍት ሃያ አንድ ሰከንድ አገኘሁ። አሥራ አራት ጊዜ አየሁት።

ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ መጀመሪያው ላይ ፊቱ አይለይም፤ ጥላ ነው። ስዕሉን ስንገናኝ እንከራከርበታለን። ግን አካሄዱን አውቀዋለሁ። በእጁ ትንሽ ሣጥን ይዟል። በቀጥታ ወደ ቤቱ በር መጣ፤ አምፖሉን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። እጁን አነሳ። ሊያንኳኳ ነበር፣ እህቴ! ጣቶቹን አጥፎ፣ ልክ እንደሚያንኳኳ ሰው!

ከዚያ ቆመ። እጁ እንደተነሳ ቀረ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ይታያል። ምን እንደሚያዳምጥ አልገባኝም፤ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላም እርምጃ። ዞር ሲል መብራቱ ጉንጩን አገኘው። ግማሽ ፊቱን ለሦስት ሰከንድ አየሁ። ጺም አሳድጓል። አልከሳም። ጎንበስ ብሎ ምሰሶው ሥር የሆነ ነገር አስቀመጠና ወጣ።

ምናልባት አፈረ። አይደለም? ሦስት ዓመት ያላንኳኳ እጅ በአንድ ቀን አይለምድም። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይጨርሰዋል። ወንበር በር አጠገብ አድርጌያለሁ፤ ጆሮዬ ባይሰማ ጀርባዬ ሳንቃው ሲንቀጠቀጥ ያውቀዋል።

ምሰሶው ሥር ሄጄ አየሁ። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ጭራ ያላቸው ፕላስቲኮች አሉ። ችግር የለም የረሳው መለዋወጫ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጁ አንስቶ አስቀመጠልን። ጨዋ ነው ብያለሁ።

ደስ ደስ ያለው ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 13

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ዞሮ ዞሮ መነገሩ አይቀርም።

ዕቃው ተናግሯል። ሲያዳምጥ ያየኸው አንተን ነው።

በዚያው ማታ ደወለልኝ። "አባዬ ከውስጥ ሆኖ አወቀኝ" አለኝ። "ማን እንደሆንክ አውቀናል አለኝ፤ ከዚያ የቀረውን አለኝ።" ልነግረው ስጀምር ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።

ቃል የገባሁለት ሰው እሱ ነው፤ አሁን ቃሌ ለማንም አይጠቅምም። መኪናው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ በእናንተ ከተማ ያልፍ ነበር። ግቢህ ገብቶ አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና በመስኮት ያይህ ነበር። አምፖሉን የሚፈታው ለመደበቅ ብቻ አልነበረም። የመብራት ሰው የወንድም ልጅ ነውና እኔው ነኝ የነገርኩት፤ ውጭው ሲበራ መስኮቱ መስተዋት ይሆናል፣ ውጭው ሲጨልም ግን ውስጥ ያለው ሰው ወለል ብሎ ይታያል። "ገጽ ሲገልጥ አየዋለሁ፤ መነጽሩን ሲያወልቅ ሊተኛ ነው ማለት ነው፣ ያኔ እሄዳለሁ" ይለኝ ነበር። አንተ ፊቱን ልታይ ስትለፋ እሱ ያንተን ሲያይ ከርሟል።

በዚያ መስመር የመጨረሻው ጉዞው ነበር። ከባሕር ማዶ ሥራ አግኝቷል። አንኳኩቶ ሊሰናበትህ ነበር የመጣው። እኔው ነኝ "አንኳኳ" ያልኩት።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው መለዋወጫ አይደለም። የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል። ጆሮህ እንደደከመ ከነገርኩት ጀምሮ ሲያፈላልግ ነበር።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 24

እህቴ፣

ባቄላዎቹን አደረግኳቸው። ወንበሬ ይንቋቋል፤ ሦስት ዓመት እንደዚህ ሲያማኝ ኖሯል ለካ። ሰዓቱም ይሠራል። የሞተ መስሎኝ ነበር።

ድምፁን አጥፋው ያልሽኝ ወረቀት የደረሰኝ ልጁ ከሄደ በኋላ ነው፤ ችግር የለምም ገና አልመጣም ነበር። ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ከግቢው ወጣሁና እንደ እንግዳ ተመልሼ ገባሁ። ፓውዛው ጀርባዬን ሲያገኘው ጥላዬ በሩ ላይ ተነሥቶ ቆመ። እሱ የቆመበት ቦታ ቆምኩ። እጄን አነሳሁ።

በገዛ ድምፄ ከገዛ ደጄ ተባረርኩ።

መልካም ድምፅ ነው፣ እህቴ። አነባበቡ ግርማ አለው፤ አንዲት ፊደል አልተዋጠችም። እስከ መጨረሻው ቆሜ ልሰማው አስቤ ነበር፤ እግሬ ግን ሳላዘው ወደ ኋላ ሄደ። የራሴ ነው ብዬ እያወቅኩ ሄደ።

ዳኛው ከአጥር ማዶ ሆኖ "ዛሬ ደግሞ ራስህን አባረርክ?" አለኝ። ለካ ጋዜጣዬን ሊመልስ በመጣ ቁጥር ሲያባርረው ኖሯል። ወር ሙሉ ሰላምታ የነፈገኝ ለዚህ ነው። "ስትናገር ስሰማ አንተው ያባረርከኝ መስሎኝ" አለ።

ችግር የለም መጥቶ ድምፁን አጠፋው፤ መብራቱንም ልክ እንደ ስዕልሽ አዞረው። አሁን ግቢዬ ለሚመጣ ሁሉ ፊቱ እንደ ቀን ይታያል። የሚመጣ የለም እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በየትም አገር ይሁን አግኚውና ንገሪው። አባትህ አልነበረም፤ ማሽን ነው፣ ለሌባ የተቀዳ ነው፣ ፊትህ ስለጨለመበት ተሳስቶ ነው በይው። ፎቶህን ሰጥቶት ነበር በይው። የመብራቱን ነገር አንቺ ታስረጂዋለሽ፤ እሱ ይገባዋል።

ወንድምሽ

*

ጥር 5

ወንድም ጋሼ፣

አገኘሁት። ከዚያ ማዶ እሱ ራሱ ደወለ።

ሁሉንም ነገርኩት። የፓውዛውን፣ የፎቶውን፣ የተገለበጠውን ፍላጻ ሳይቀር። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስለ ፍላጻው ስነግረው የሳቀ መሰለኝ። "እሱስ እሱ ነው" አለ።

ከዚያ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" ስል፣

"እሺ እትዬ፣ ድምፁ የማሽኑ ነው" አለኝ። "ቃሉስ? ቃሉም የማሽኑ ነው?"

ለሌባ ያዘጋጀው ነው አልኩት። "ለማን እንዳዘጋጀውማ እሱ ያውቃል፤ ጠይቂውና ንገሪኝ" ብሎ ዘጋው። በወሩ መጨረሻ እደውላለሁ ብሏል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አንተ ይገባህ እንደሆነ ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ጥር 14

እህቴ፣

ገብቶኛል።

ትምህርቱን ትቶ የመጣ ዕለት ደጅ ላይ ቆሜ ያልኩት ይህንኑ ነው። "በመጣህበት ተመለስ፣ ይህ ደጅ ያንተ አይደለም። ማን እንደሆንክ አሁን አውቄያለሁ።" ችግር የለም ከልብ የወጣ በል ሲለኝ ልቤ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘሁት እሱን ነው። ከየት እንዳመጣሁት አላስታወስኩም። እሱ አስታወሰ።

ሲደውል ማሽን ነው ያልሽውን ተይው። መብራቱንም ተይው። ቃሉ የአባትህ ነው በይው፤ ያዘጋጀውም ላንተ ነው በይው። እሱ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጽፎልኛል፤ ይኼኛው ይቅርታ የእኔ ነው፣ ከዚህ ሌላ አቀራረብ አላውቅም።

ወንድምሽ